የእትዬ ቀስ የእጅ ፍሬን

እትዬ ቀስ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ መኪናዋን ባቆመችበት አጣቻት።

ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ከአጥሯ በር ፊት ለፊት፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስባ፣ በሩን ቆልፋ ነበር የሄደችው። አሁን በቦታው የቀረው አንድ የዘይት ጠብታ ብቻ ነው። ሌባ ወሰዳት እንዳትል፣ ያቺን አሮጌ ሰማያዊ መኪና የሚሰርቅ ሌባ ቢገኝ ራሱ የሚታዘንለት ሰው ነው። ዓይኗን ቁልቁል ወረወረች። መኪናዋ ሰባ እርምጃ ያህል ዝቅ ብላ፣ የልብስ ሰፊው ደረጃ ላይ አፍንጫዋን አስደግፋ ቆማለች። በመንገዷ ያገኘችውን የቆሻሻ በርሜል ጨፍልቃዋለች፤ ሰው ግን አልነካችም።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ፣ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች እያየ ይጠብቃታል።

«እትዬ ቀስ፣ መኪናዎ ልብስ ልትለካ መጥታ ነበር» አላት። «ዳሌዋ ሰፋ ብሏል እንጂ አላሳፍራትም፣ እሰፋላታለሁ።»

ለወጉ ሳቀች። ዓይኗ ግን ከደረጃው አልተነሣም። ትናንት በዚያችው ሰዓት የልብስ ሰፊው ሚስት እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል አይታታለች። ይህም አልበቃ ብሎ ያንገበገባት ሌላ ነገር ነበር። «የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤ ማርሽ አስገብታችሁ ውረዱ» እያለች ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያስተማረች ሴት፣ በዚያ ጠዋት ማርሽ ማስገባቱን ራሷ ረስታዋለች።

እትዬ ቀስ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቿ ናቸው። ከጎናቸው ተቀምጣ ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ቀስ!» ነበር፤ «ቀስ በል፣ መሪው አይሸሽህም»፤ «ቀስ በይ፣ መንገዱ የትም አይሄድም።» አንዱ ተማሪማ በስልክ ስሙን አጣርቶ ሳይሰማ ቀርቶ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና «ቄሱ የታሉ?» ብሎ እሷኑ ጠየቃት።

ወደ ሥራው የገባችው ሳታስበው ነው። መንጃ ፈቃድ ቢኖራትም የመንዳት ትምህርት ቤቱ ታይፒስት ነበረች። አንድ ቀን ከአስተማሪዎቹ አንዱ ታሞ ቀረ። ተራዋ የደረሰ አንዲት ነርስ፣ ከሥራ ያስፈቀደችው ያንን ቀን ብቻ ኖሮ፣ አላለቅስም እያለች በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። «ነይ፣ እኔ ይዤሽ እወጣለሁ» አለቻት። ከጽሕፈት መኪና ተነሥታ ወደ ዋናው መኪና የገባችው በዚያ ቀን ነው። ተመልሳ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም።

በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ መኪኖች በአስተማሪው በኩል ሁለተኛ የእግር ፍሬን አልነበራቸውም። አስተማሪ ሲጨንቀው ያለው መላ አንድ ነው፤ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው የእጅ ፍሬን። ስለዚህ የእትዬ ቀስ ግራ እጅ ከጠዋት እስከ ማታ እጀታው ላይ እንደ ተጣደ ይውላል። መዳፏ ውስጥ የወጣው መጅ ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ አናጢ ነበር፤ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ጣሪያ የሚነካ። «ፍሬን!» ሲሉት ደንግጦ ነዳጅ ይረግጣል። ከዕለታት አንድ ቀን ገበያ ዳር ሲያልፉ «ፍሬን!» አለችው፤ እሱም እንደ ልማዱ ነዳጁን ደቆሰው። መኪናዋ እንደ ተበሳጨ ወይፈን ወደ እንቁላል ክምር ተወረወረች። እትዬ ቀስ መቼ እንደሳበችው ራሷም አታውቅም። ብቻ የኋላ ጎማዎቹ ተቆለፉ፣ መኪናዋ ቂጧን ወዝወዝ አደረገችና ከመጀመሪያው ካርቶን አንድ ስንዝር ሲቀራት ቀጥ አለች። እንቁላል ሻጯ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆይታ፣ «እንዴ! ዶሮዎቹ እንኳን እንዲህ አልተጠነቀቁላቸውም» አለች። አናጢው በኋላ ፈቃዱን ሲያገኝ ለምስጋና በርጩማ ሠርቶ አምጥቶላታል።

ከዚያ ወዲያ «የእትዬ ቀስ እጅ» የሚባል ወሬ በከተማው ዞረ። ባል ሚስቱን፣ እናት ልጇን «እሷ ጋ ብቻ» እያለ ያመጣ ጀመር። እሷም አፍ አውጥታ ባትናገረው፣ በእጇ ትኮራ ነበር። እጄ ከዓይኔ ይቀድማል ትላለች በሆዷ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ መኪኖቹ ሲሸጡ፣ ሰማያዊቷን ለሌላ ሰው አሳልፋ መስጠት አልቻለችም፤ ገዝታ ደጇ አቆመቻት።

የበርሜሉ ወሬ ከእሷ ቀድሞ ልጇ ጆሮ ደረሰ።

«እማዬ፣ ሽጫት» አለቻት ልጇ በስልክ። «ፈጣሪ አንድ ጊዜ አስጠንቅቆሻል። ሁልጊዜ በርሜል አያቀርብልሽም።»

«ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ፍሬኑን ላሠራው።»

«ጥፋቱ የፍሬኑ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የረሳሽው?»

እትዬ ቀስ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። ልጇ እውነቷን ነበር።

በማግስቱ ዋናው መንገድ ላይ ወዳለ ጋራዥ ወሰደቻት። መካኒኩ ሦስት መኪና ባንዴ ይሠራል፣ ስልኩን በትከሻውና በጉንጩ አጣብቆ ያወራል። ከእጀታው ሥር ካቦውን፣ የፍሬኑን የሽቦ ገመድ፣ የሚወጥረውን ዳዶ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምዞ «ጨርሻለሁ፣ እናቴ» አላት። ጎማ እንኳ አልፈታም። ፍሬኑ ሁለት ቀን ያዘ። በሦስተኛው ቀን እጀታው እንደ ተነቃነቀ ጥርስ እየተወዛወዘ እስከ ጎድኗ ድረስ ይመጣላት ጀመር። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ይኼኛው ግን አፍስሶ መልቀሙን ለእሷ ተወላት።

ያኔ ነው ጋሼ ጆሮ ትዝ ያሏት።

ጋሼ ጆሮ የትምህርት ቤቱ መካኒክ ነበሩ። መኪና ገና ከበር ሲገባ ከሩቅ ሰምተው «ሦስተኛዋ ሻማ ናት» ወይም «ኩሽኔታው ሊሄድ ነው» ይላሉ፤ ሲከፈት እንዳሉት ይገኛል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ቀስ ሰማያዊቷን ይዛ ትመጣለች። የእሷ መኪና የእጅ ፍሬን ከሁሉም ቀድሞ ነው የሚያልቀው። «ይሄ ፍሬን ነው የውሃ ፓምፕ? እየሳብሽ ቀዳሽበት እኮ!» እያሉ ይቆጣሉ። እሷ ደግሞ የጎማ ክምር ላይ ወጥታ ተቀምጣ፣ የሳምንቱን ተማሪዎች እያስመሰለች ታስቃቸዋለች። ጋሼ ጆሮ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ሲጨርሱ እንድታመሰግናቸው እንኳ ጊዜ አይሰጧትም። «ሂጂ፣ ሂጂ፣ መንገድ አትዝጊብኝ» ነው።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ስድስት ዓመት፤ ከተያዩም ስድስት ዓመት። ተጣልተው አይደለም። ዛሬ ነገ ሲሉ ነው፤ ዛሬ ነገ ደግሞ ዓመት ሲበላ ድምፅ የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ቀስ ብላ፣ ከማርሽ ጋር ተማክራ፣ ጋሼ ጆሮ የሚኖሩበት የልጃቸው ግቢ ደረሰች። በሩን የከፈተችላት ምራታቸው ናት።

«አባባ እኮ ሥራ ከተዉ ቆይተዋል» አለቻት፣ መኪናዋን አየት አድርጋ።

«ሥራ ላሠራ አይደለም የኔ ልጅ፣ ልጠይቃቸው ነው» አለች እትዬ ቀስ። ግማሹ እውነት ነበር።

ምራቲቱ አፏን ሳትከፍት ከጓሮው ክፍል ድምፅ መጣ። «ሰማያዊቷ ናት! ያቺ ጭስ ማውጫ እስከ ዛሬ ያስላታል?»

እትዬ ቀስ እየሳቀች ገባች። ጋሼ ጆሮ መስኮት ሥር፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፊቷን የለዩት ጠጋ ስትል ነው። ሁለቱ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣሉ። አየችና ዓይኗን ሸሸት አደረገች።

«እይው፣ ምን ያስደነግጥሻል?» አሏት። «እጄ ፍሬን አጥቷል። ማንኪያ ከሳህን አንሥቼ አፌ ሳላደርስ መንገድ ላይ ነው የሚራገፈው።»

የመጣችበትን ነገረቻቸው። ስለ ደረጃው፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጋራዡ ልጅ፣ ስለ ማርሹ ሳትደብቅ አወራች። ስለ ማርሹ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ። ጋሼ ጆሮ ግን ያንን እንዳልሰሙ ሆነው አለፉት።

«አንድ ጥሩ መካኒክ ይጠቁሙኝ» አለች በመጨረሻ።

«ጥሩ መካኒክማ አለ» አሉ። «እጅ ነው የሌለው። ያንቺ እጅ ምን ሆኗል?»

«የኔ? ጋሼ፣ እኔ እኮ ብሎን ፈትቼ አላውቅም!»

«ያቺ ነርስም መሪ ይዛ አታውቅም ነበር። ተነሺ።»

የሥራ ቱታቸው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየታጠበ እንደሚሰቀል ምራቲቱ ነገረቻት፤ «ላውርደው ካልኩ ይቆጡኛል።» እትዬ ቀስ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ለበሰችው። ጋሼ ጆሮ በርጩማቸውን አስወጥተው ከመኪናዋ ኋላ ተቀመጡ። እሷ ስትሠራ እሳቸው ሲናገሩ፣ ግቢው ውስጥ ሥራ ተጀመረ።

የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈች። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች የጎማ ብሎኖቹን አላላቻቸው፣ ከዚያ የኋላውን በክሪክ አንሥታ ሥሯ የግንድ ቁራጭ አስገባች። «ክሪክ ላይ ያለ መኪና ሥር የሚገባ ሰው፣ ኑዛዜውን ጽፎ ይግባ» አሉ ጋሼ ጆሮ። ጎማው ወጣ። ከኋላው ታምቡሩ፣ ያ ድስት መሳይ ክብ ብረት፣ ዝጎ አልነቃነቅ አላት።

«ምቺው።»

መታችው።

«ቀስ!» ብለው ጮኹ። «ቀስ በይ፣ ዙሪያውን! ብረቱ አይሸሽሽም!»

እትዬ ቀስ መዶሻውን ይዛ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ሳቋ አላሠራት አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ላይ የጮኸችውን ቃል መልሳ ስትቀበለው፣ ለካ እንዲህ ያስደነግጣል! ጋሼ ጆሮም ትከሻቸው ተነቃነቀ። ምራቲቱ ምን እንዳሳቃቸው ሳታውቅ ከወጥ ቤት መስኮት ሆና ሳቀች።

ታምቡሩ ወጣ። ውስጡ በአመድ መሳይ ብናኝ ተሞልቷል፤ በአፏ እፍ ልትል ስትል «እፍ አይባልም፣ ሳንባሽ ውስጥ ይገባል፤ በእርጥብ ጨርቅ!» አሏት። ስትጠርገው ሁለቱ ቆልማማ ብረቶች፣ የፍሬን ሸራ የለበሱት፣ ፊት ለፊት ተያይተው ታዩ። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ተገፍተው ታምቡሩን ከውስጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

«ሸራው አለ?»

«ግማሹ አለ። ግን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል።»

«በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊው። አሁን በሁለቱ መካከል ጥርስ ያላት ትንሽ ብረት አለች። አዙሪያት።»

«እምቢ አለች። ዝጋለች።»

«አገኘሻት!» አሉ፣ በርጩማው ላይ ወደ ፊት ተስበው። «ሸራው ሲያልቅ እሷ እየተዘረጋች ወደ ታምቡሩ ልታቀርበው ይገባት ነበር። እሷ ተኝታለች፣ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። ያ የጋራዥ ልጅ ካቦውን ወጠረ፤ የተኛ ሰው ሳይቀሰቅስ ልብስ እንደማልበስ ነው። እሱንም ቢሆን ሁለተኛውን፣ መቆለፊያውን ዳዶ ሳያጠብቅ ነው የተወው፤ ለዚህ ነው በሁለት ቀን የተፈታው።»

በዘይት አራሰቻት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተገቻት። ከብዙ ልመና በኋላ ብረቲቱ ዞረች። ታምቡሩን መልሳ አለበሰችው፤ በጋሼ ጆሮ ትእዛዝ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብታ ጥርሷን አንድ በአንድ ማዞር ጀመረች። አንድ ጥርስ ታዞራለች፣ ታምቡሩን በእጇ ታሽከረክራለች። ጋሼ ጆሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ገና ነው።»

አንድ ጥርስ።

«ገና።»

አንድ ጥርስ። ሽ... ሽ... የሚል ቀጭን ድምፅ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እንደሚታሽ፣ ተሰማ። እትዬ ቀስ ለመስማት ጆሮዋን ማስጠጋት ነበረባት። ጋሼ ጆሮ ግን ከተቀመጡበት ሆነው «በቃ! እዚያው ተያት!» አሉ። ፊታቸው ፈካ። እትዬ ቀስ ቀና ብላ ስታያቸው፣ እጃቸው እንደተንቀጠቀጠ ነው፤ ፊታቸው ላይ ግን የዱሮው ዓርብ ከሰዓት ነበር።

የቀኙንም ጎማ እንዲሁ አደረጉ። ሲጨርሱ ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። የቀረው ካቦው ነው። እትዬ ቀስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ፣ መፍቻውን እጀታው ሥር ዳዶው ላይ አሳርፋ ጠየቀች።

«እጀታው ስንት ጠቅ ሲል ይያዝ?»

«ለሌላ ሰው ሰባት። ያንቺ አራት ነው» አሉ ጋሼ ጆሮ፣ እንደ ቀላል ነገር።

«የኔ ለምን አራት ይሆናል?»

ቃሉ አምልጧቸው ነበር።

«ድሮም አራት ነው» አሉ። «መጀመሪያ ሰሞን መኪናውን ስታስገቢ አየሁሽ። ክንድሽ አጭር ነው፤ እጀታው እስኪይዝልሽ በትከሻሽ ትወድቂበታለሽ። ሰባት ጠቅ እስክትስቢ ያ አናጢ እንቁላሉን ጠብሶ ይበላው ነበር። ስለዚህ ላንቺ ብቻ በአራት እንዲይዝ አደርገዋለሁ። ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው፤ የተጠጋ ሸራ ይፋቃል። በገዛ እጄ ያመጣሁትን ነው አንቺን ስቆጣበት የኖርኩት።»

እትዬ ቀስ መፍቻውን እንደያዘች ቀረች። የከተማው ሰው ያወራላት፣ እሷም በሆዷ የኮራችበት እጅ...

«እንግዲያ እጄ አልነበረማ» አለች ቀስ ብላ።

«እጅሽማ እጅሽ ነው። እኔ መንገዱን ነው ያሳጠርኩለት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ እጅሽን ትጠራጠሪያለሽ። የተጠራጠረ እጅ ደግሞ ይዘገያል።»

በቱታው እጅጌ ፊቷን ጠረገች፤ እንባውን አጥፍታ በቦታው ግራሶ ተከለች። ያልፈቀዱላትን ምስጋና አሁን ልታወጣው ስትል፣ ጋሼ ጆሮ እንደ ልማዳቸው አቋርጠው «ነይ ነይ፣ ሥራ አትፍቺ» አሏት።

«በአራት ላድርገው» አለች።

«ዛሬ የምትነጂው አንቺ ነሽ፤ አናጢ የለብሽም። ስድስት ይበቃሻል።»

«አራት!»

«ሸራሽን ይበላዋል፣ ስድስት።»

እንደ ገበያ ሰው ተከራክረው በአምስት ተስማሙ። ሁለተኛውንም ዳዶ አጠበቀችው።

ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ያለው ዳገት ላይ ሄደው ሞከሩት። ጋሼ ጆሮ እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በኖረችበት የአስተማሪ ወንበር፣ እሷ ደግሞ መሪው ፊት ተቀምጠዋል። ዳገቱ መሃል ላይ ቆማ፣ እጀታውን አምስት ጠቅ አድርጋ፣ ማርሹን አውጥታ፣ እግሯን ከፍሬኑ ላይ አነሣች። መኪናዋ ዝም አለች። ጋሼ ጆሮ ራሳቸውን በመስኮት አውጥተው ጮክ ብለው እስከ መቶ ቆጠሩ። ከኋላ የደረሰ ታክሲ ጥሩምባውን ቢያስጮህም ቁጥራቸው አልተዛነፈም።

በማግስቱ ልጇ መጥታ መኪናዋን በጀርባዋ ገፋቻት፣ በደረቷ ገፋቻት፤ ንቅንቅ የለም። «ፍሬኑም ላልቶ ነበር፣ እኔም ረስቼ ነበር» አለቻት እትዬ ቀስ። «ሁለቱም ነው።» ከዚያ ወዲህ ስታቆም «ማርሽ!» ብላ ለራሷ ጮክ ብላ ትናገራለች፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ። ልጇም ስለ መሸጥ አላነሣችባትም።

በሳምንቱ ጋሼ ጆሮን ወስዳ ከተማ አዞረቻቸው። ትምህርት ቤቱ በነበረበት ቦታ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ተሠርቷል፤ ተማሪ በበርሜል መካከል የሚጠማዘዝበት ሜዳ ቤት በቤት ሆኗል። ዓይናቸው ስለማይለይላቸው እሷ እያየች ትነግራቸዋለች። እሳቸው «በሩ በግራ ነበር» ይላሉ፣ እሷ «በቀኝ ነው!» ትላለች። ጥበቃውን ጠርተው ቢጠይቁት «እኔ የመጣሁት ባለፈው ክረምት ነው» አላቸው።

ሲመለሱ ጋሼ ጆሮ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለልጄ እንዳትነግሪ» አሉ። «እኔ መንጃ ፈቃድ ኖሮኝ አያውቅም።»

እትዬ ቀስ መኪናዋን ዳር አስያዘች። ትዝ አላት፤ የተሠራ መኪና ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ለመሞከር ሲወጡ ሁልጊዜ «አንቺ ንጂ፣ እኔ ልስማ» ይሏት ነበር።

«ሦስት ጊዜ ተፈተንኩ» አሉ። «ሦስቱንም ጊዜ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሄድኩባቸው። አፈርኩና ተውኩት።»

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን አልመጡም? አጠገብዎ ሆኜ!»

«እንድትስቂብኝ? ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቹን ስታስመስይ እያየሁ?»

እትዬ ቀስ አሰበችበት። «እስቅ ነበር» አለች። «ግን አሳልፍዎት ነበር።»

ጋሼ ጆሮ ወደማያዩት መንገድ ፊታቸውን አዞሩ።

«አዎ» አሉ። «ታሳልፊኝ ነበር።»

ከዚያ ምራታቸው ምሳ አቅርባ እንደምትጠብቃቸው አስታወሷት፤ እሷም ማርሽ አስገብታ ተነሣች።